በነፋሻ ቀን ፖቶማክ ላይ፦ ጀልባ፣ ቤተሰብና ውሻ (ጥያቄና መልስ)

በነፋሻ ቀን ቤተሰቤንና ውሻችንን ይዤ በሞተር ጀልባ፣ በዋሽንግተን ዲሲ በሚያልፈው በፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ከዲሲ በታች ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ተነስቼ ወደ ደቡብ ማውንት ቨርነን ደርሼ እንደተመለስኩ ስናገር ጥያቄው በዛ። አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንዝ እንዴት ወደ ላይ ይሄዳል?

ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚሁ ዲሲ፣ ቼይን ብሪጅ የሚባለው ድልድይ አካባቢ ድረስ ይመጣል፤ ሲሞላ ወንዙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጣናን ወይም ሐዋሳን አይተን ላደግን ሰዎች እንግዳ ነገር ነው። ውሃው ስድስት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ይጎድላል። ከተማው ጋ ልዩነቱ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሰዓቱ ደግሞ ጨረቃን ስለሚከተል በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፤ ባለፈው እሁድ ሙላት በነበረበት ሰዓት በዚህ እሁድ ጉድለት ልታገኝ ትችላለህ። ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሙላትና የጉድለቱን ሰዓት ሰንጠረዥ በነጻ ያወጣል፤ ሳታየው አትውጣ።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ስንት ሲደርስ ነው ቤት የምንቀረው?

ለዚህ ወንዝ ከ18 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ማስጠንቀቂያ ካለ ልጆች ይዤ አልወጣም፣ አለቀ። ከዚያ በታች ሲሆንም ግን ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ዋናው ነገር ነፋሱና ውሃው ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ ነው። አሌክሳንድሪያ ጋ ካለው ከዊልሰን ድልድይ በታች ወንዙ ሰፊ ነው፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ነፋሱ ከደቡብ እየመጣ ውሃው እየጎደለ ከሆነ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ የጀልባው አፍንጫ ብድግ ይልና ድብ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃው መስታወቱን አልፎ ፊት ላይ ይረጫል፣ ልጆቹም ጭጭ ይላሉ። ያው ነፋስ፣ ውሃው መሙላት ሲጀምርና አብረው ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ያን ያህል አያስቸግርም። እኛ የወጣነው ነፋሱ ከደቡብ፣ ውሃውም እየሞላ ሳለ ነው። ስንሄድ ሁለቱም ከፊት ስለነበሩ ቀስ አልን፣ ነዳጅም በላ፤ ስንመለስ ግን ሁለቱም ከኋላ ገፉን።

ጥያቄ፦ የሰሜን ምዕራብ ነፋስስ?

እሱ ውሃውን ወደ ባሕሩ ይገፋዋል። ሲጠነክር ወንዙ ሰንጠረዡ ከሚለው በታች ይጎድላል፣ ጭቃ ላይ መቀመጥም ይመጣል። ጥልቁን መንገድ ከሚያሳዩት፣ ውሃው ላይ ካሉት ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች መሃል አትውጡ። ወደ ዲሲ ስትወጡ ቀዩ በቀኛችሁ ይሁን።

ጥያቄ፦ ውሻውን ማሰር አለብን?

በፍጹም! ታስሮ ከወደቀ ይታነቃል። ጀርባው ላይ እጀታ ያለው የውሻ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ግዙለት፤ ውሃ ውስጥ ቢገባ የምትጎትቱት በእሱ ነው። የእኛዋ ጥፍሯ ወለሉ ላይ ስለሚንሸራተት የጎማ ምንጣፍ እናነጥፍላታለን። ሞገድ ሲነሳ ከኋላ፣ በልጄ እግሮች መሃል ትተኛለች። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ያዙ እንጂ ከወንዙ አታጠጡት።

ጥያቄ፦ የልጆቹ ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው?

ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ጀልባው በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ አዎ፤ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ ካልተቀመጡ በቀር። እኔ ግን በነፋስ ቀን አዋቂውንም አስለብሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ 70 አልፏቸዋል። ይዣቸው ልውጣ?

ይዘሻቸው ውጪ፣ ግን እንዲህ ባለ ቀን ሰፊው ወንዝ ላይ አይሁን። ዲሲ ውስጥ ዋርፍ ከሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ፊት ለፊት ያለው ዋሽንግተን ቻናል የሚባለው ጠባብ ውሃ፣ ሃይንስ ፖይንት በሚባለው የመሬት ምላስ የተከለለ ስለሆነ ሞገዱ እዚያ ብዙም አያይልም፤ እዚያው አዝናኚያቸው። ብዙ ስለማይናጥ ከኋላ በኩል አስቀምጫቸው። ላይፍ ጃኬቱን አልብሻቸው፣ ጋቢውን ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጊላቸው።

ጥያቄ፦ ነፋስ እያለ መቆሚያው ጋ እንዴት ትጠጋለህ?

ከነፋሱና ከውሃው የትኛው እንደሚበረታ አይና ፊትህን ወደ እሱ አዙረህ ቀስ ብለህ ግባ። ያኔ ራሱ ፍሬን ይሆንልሃል። ማንም ዘሎ አይውረድ። መጀመሪያ ገመዱ ይታሰር፣ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ውሻው።