ደንበኛዬ ሩቅ ነው፣ ኤዲቱን ላይቭ እንዴት ላሳየው?

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ያሉት ሩቅ ስለሆነ አብረን እያየን እንድናርም በዙም ስክሪን ሼር አደርግላቸዋለሁ። ግን ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር አይገጥምም፣ እነሱም «ቆረጣው ልክ አይደለም» ይሉኛል። እኔ ጋ ሲታይ ምንም ችግር የለውም! ፋይል ልኬ አስተያየት ስጠብቅ ደግሞ ቀናት ያልፋሉ። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባት ኤዲተር

መልስ፦ እህቴ፣ ቆረጣሽን ከመጠራጠርሽ በፊት የምትልኪበትን መንገድ ተጠራጠሪ። ስክሪን ሼር በዋናነት የሚያገለግለው ለስላይድና ለጽሑፍ ነው። መስመሩ ሲጨናነቅ ፊደሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ብሎ ፍሬም (ተከታትለው ቪዲዮውን ከሚሠሩት ምስሎች አንዳንዱን) ይጥላል። በሰከንድ 25 ፍሬም አድርገሽ የሠራሽው ቪዲዮ ደንበኛሽ ጋ የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። ቆረጣ ደግሞ የሁለት ሦስት ፍሬም ጉዳይ ስለሆነ፣ ሰውየው የሚያየውና አንቺ የምታዪው አንድ ሥራ አይደለም፤ በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

የነገ ስብሰባ ከደረሰብሽ፣ ዙም ላይ ሼር ስታደርጊ ድምፅ የማጋራትና ለቪዲዮ የማመቻቸት ምርጫ አለ፤ ሁለቱንም ምረጪ። ለጊዜው ያስታግስልሻል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ሙሉ የኤዲቲንግ ገጹን ሳይሆን ምስሉን ብቻ ለይቶ መላክ ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ (የሚከፈልበት ቨርዥኑ) ምስሉን ሁለተኛ ሞኒተር ላይ ሙሉ አድርገው ያወጡልሻል። ያንን ሞኒተርና የኮምፒውተሩን ድምፅ በኦቢኤስ ያዢ፤ ስክሪንና ድምፅ ይዞ በላይቭ የሚልክ ነፃ ፕሮግራም ነው። ዋናው ጥያቄ ከዚያ ወዴት ትልኪዋለሽ የሚለው ነው። በዩቲዩብ ላይቭ ብትልኪው ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ግን በብዙ ሰከንድ ይዘገያል። ደንበኛው «እዚህ ጋ አቁሚ» ሲልሽ አንቺ ሌላ ትዕይንት ውስጥ ገብተሻል። ስለዚህ በዌብአርቲሲ (ቪዲዮን ወዲያው ወደ ብሮውዘር በሚያደርስ ዘዴ) የሚሠራ አገልግሎት ፈልጊ፤ መስመሩ ደህና ከሆነ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፣ ደንበኛውም ሊንኩን ብሮውዘር ላይ ከመክፈት ሌላ ሥራ የለበትም። ኦቢኤስ ከ30ኛው ቨርዥን ጀምሮ በዚህ መንገድ በቀጥታ መላክ ይችላል። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ እንደ ኤቨርካስትና ሉፐር ያሉ አገልግሎቶችም አሉ።

ኢንተርኔትሽን ስትለኪ ዳውንሎዱን ሳይሆን አፕሎዱን እዪ። ለ1080 ቪዲዮ ከ5 እስከ 8 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል፤ አፕሎድሽ ግን የዚህ እጥፍ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም ከደንበኛው ጋር የምትነጋገሩበት ጥሪም ከዚያው ነው የሚጋራሽ። ዋይፋዩን ተይውና በኬብል ግቢ።

አንድ ነገር አደራ፦ ታይምኮዱ (የቪዲዮው ሰዓት ቆጣሪ) ምስሉ ላይ ይታይ። ያኔ ደንበኛው «እዛ ጋ፣ ሰውየው ዞር ሲል» ማለቱን ትቶ «02፡14 ላይ» ይልሻል፣ መዘግየት ቢኖርም አትጠፋፉም። ይህቺ ትንሽ ነገር ስንት ጭቅጭቅ እንደምታስቀር!

ከለርን በተመለከተ ግን በላይቭ አታስወስኚ። በስትሪም የሚሄደው ምስል የታመቀ ነው፣ የደንበኛውም ስልክ ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገው ሴቲንግ በርቶ ሊሆን ይችላል። «ቆዳው ቀላ» ቢልሽ ዝም ብለሽ ማስታወሻ ያዢ። ላይቩ የታሪክ ፍሰት፣ የቆረጣና የሙዚቃ ምርጫ የሚወሰንበት ነው፤ እዚያ ላይ ፋይል በመላክ ቀናት የሚፈጀውን በአንድ ቁጭታ ትጨርሳላችሁ። ደንበኞቹ ብዙ ከሆኑ የመጨረሻ ቃል ያለው ማን እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቂ፣ አለዚያ አንዱ ያስቆረጠሽን ሌላው ያስመልስሻል።

ማጽደቂያውን ከፋይሉ ላይ ተቀበዪ። ስብሰባው እንዳለቀ ኤክስፖርት አድርገሽ እንደ ፍሬምአይኦ ባለ፣ አስተያየት ቪዲዮው ላይ በሚጻፍበት ቦታ ጫኚላቸው፣ «ጸድቋል» የሚለውም በጽሑፍ ይምጣልሽ። ገና ያልወጣ ሥራ ከሆነ ሊንኩ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ምስሉ ላይም የተመልካቹን ስም በስሱ ጻፊበት።