ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ጄት ስኪ ባቦጋያ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ጄት ስኪ ለመግዛት ከአንድ አስመጪ ጋር በዋጋ ተስማምተናል። ቅዳሜ ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ለግማሽ ሰዓት እንድሞክረው ፈቅዶልኛል። እስካሁን የነዳሁት በኪራይ የሚሰጡትን ትንንሾቹን ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን ምን ልይ? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ አስቀድመው ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁት። ቅዳሜ የሚነዱት የሚገዙትን ራሱን ነው ወይስ ለማሳያ የተመደበውን? ከሳጥን የወጣ ሞተር ማላመጃ ጊዜ ይፈልጋል። ያማሃ ለምሳሌ መጀመሪያ 5 ደቂቃ በዝቅተኛው ዙር፣ ቀጥሎ 30 ደቂቃ በደቂቃ ከ5,000 ዙር ሳያልፍ፣ ከዚያም 1 ሰዓት ከ6,500 ዙር ሳያልፍ እንዲነዳ ያዝዛል፤ የመጀመሪያው ሰርቪስ 10 ሰዓት ላይ ነው። ገና ያልተላመደ ሞተር ላይ ሙሉ ነዳጅ እየሰጡ መፈተን ነገ በገንዘብዎ የሚወስዱትን ዕቃ ዛሬ ማድከም ነው። ስለዚህ ውኃ ላይ የሚነዱት የመጀመሪያ ሰርቪሱን የጨረሰው የማሳያ ጄት ስኪ ይሁን፤ የራስዎን ተጎታቹ ላይ እንዳለ ይመርምሩት። ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ ነዳጅ የሚሰጡት የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ፣ ያውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ተጎታቹ ላይ ሳለ ከኋላው በኩል በአካሉ ላይ የተቀረጸውን ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። «አዲስ» ተብሎ የቀረበው መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት የቆየ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው እንደገና መነጋገሪያ ይሆናል፤ የጎማ ቱቦዎቹና ባትሪውም በዚያው ልክ አርጅተዋል። ቁልፉን ሰክተው ዳሽቦርዱ ላይ የሠራበትን ሰዓት ይመልከቱ። ባትሪው ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ የደከመ ባትሪ የሌለ ብልሽት መብራት እያበራ ያደናግራል።

ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክከው በፋኖስ ከሥሩ ያለውን የውኃ መግቢያ ፍርግርግ ይዩ። ከውስጥ የሚታየው ውኃውን የሚገፋው ኢምፔለር ነው። የምላጮቹ ፊት ለስላሳ መሆን አለበት፤ የተሸረፈ ወይም የታጠፈ ከሆነ ጠጠር ስቧል ማለት ነው፣ ስለዚህ አዲስ አይደለም። በምላጩ ጫፍና ዙሪያውን በያዘው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግፊቱ በግልጽ ይወርዳል። ይህን የሚለካው የካንዴላ ክፍተት መለኪያ ነው፤ ማንኛውም መካኒክ ኪስ ውስጥ አይጠፋም።

ውኃ ከመግባቱ በፊት ከኋላ ያሉትን ሁለቱን የማፍሰሻ ክዳኖች ራስዎ በእጅዎ ያጥብቁ። «ዘግቼዋለሁ» የሚለውን ቃል አይመኑ። ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላም ሞተሩን አያስነሡ። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ዳሩ ቶሎ ይጠልቃል፤ ኩሪፍቱ ላይ ግን ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ጭቃና ሥር ወደ ፓምፑ መግባቱ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃ በዝግታ ብቻ ይንዱና ተመልሰው መቀመጫውን ይክፈቱ። ከሥር ከአንድ ብርጭቆ የበለጠ ውኃ ካገኙ ወይ አንድ ቱቦ ላልቷል፣ ወይ ኢምፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ የሚያሽገው ክፍል ያንጠባጥባል። ፈተናው እዚያው ያበቃል።

ደረቅ ከሆነ ይቀጥሉ። በሰዓት 30 እና 60 ኪሎ ሜትር ላይ እጅዎን ከመሪው ትንሽ ያላሉ፤ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የመሪው ሽቦ ወይም ውኃው የሚወጣበት የኋላው አፍንጫ አልተስተካከለም። አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን ቁልፍ ይጫኑ። ወደ ላይ ሲሆን ፊቱ ከፍ ዝቅ እያለ መዝለል ይጀምራል፣ ወደ ታች ሲመለስ ይረጋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ትክክለኛ ባሕርይው ነው። ቀጥሎ በዝግታ እየሄዱ ነዳጅ መስጫውን በአንዴ ይሳቡ። ዙሩ ወዲያው ተወንጭፎ ፍጥነቱ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት አያስደንግጥዎ፤ የሚያሠጋው የብረት መፋጨት የመሰለ ድምፅ ነው። የኋላ ማርሹንና ፍሬኑን ደጋግመው ይፈትኑ፤ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ በየቀኑ የሚያስፈልግዎ እሱ ነውና።

ከፍተኛ ፍጥነቱን ባቦጋያ ላይ ለመለካት ግን አይድከሙ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 28 ሜትር ነው፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ በግማሽ ደቂቃ ሌላው ዳር ላይ ይሆናሉ። በዚያ ላይ እነዚህ ሞተሮች በሙሉ ነዳጅ በሰዓት ወደ 90 ሊትር ቤንዚን ይጠጣሉ። 70 ሊትር የሚይዝ ታንክ አንድ ሰዓት አያደርስም።

ሲጨርሱ ዘይቱን ሞተሩ እንደሞቀ፣ ጄት ስኪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለኩ። መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካዩ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። እንዲህ ያለውን በማንኛውም ቅናሽ አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ እኔ ገላን ነኝ። ቢሾፍቱ ድረስ ተጎታች ከምጎትት አባ ሳሙኤል ቅርቤ ነው። ለሙከራ አይሆንም? ለገዳዲስ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ ለኃይል ማመንጫ የተገደበ ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከሙት የአቃቂ ወንዞች ይገቡበታል፣ እንቦጭም ይዞታል። ጄት ስኪ ውኃውን እየፈተለ ፊትዎ ላይ የሚረጭ ነገር ነው፤ ያ ውኃ ዓይንና አፍ ውስጥ የሚገባ አይደለም። እንቦጩ ደግሞ ከፍርግርጉ አልፎ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ ዙሩ ይጮኻል፣ ጄት ስኪው ግን አይሄድም። እንዲህ ያለ ነገር የትም ቢገጥምዎ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከነጂው ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ ነቅለው እንጂ እጅዎን ወደ ፍርግርጉ አይስደዱ። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውኃ ናቸው፤ ሞተር አይገባባቸውም።

ቢሾፍቱም ቢሆን ዳሩ በአብዛኛው በሪዞርቶችና በግል ይዞታዎች የተያዘ ስለሆነ መግቢያውን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ሆራ አርሰዲ የእሬቻ ሥፍራ ነው፤ እዚያ ሞተር ከማሰማት መቆጠብ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዱከም አካባቢ ባለ እንግዳ ማረፊያ እሠራለሁ። ባለቤቱ ያስመጡት ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ጄት ስኪ መጽሐፉ ላይ 8,000 ዙር ይላል፤ ቢሾፍቱ ላይ ግን ከ7,400 አያልፍም። ሻጩ «ከፍታው ነው» ይላል። እያታለለን ነው?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ላይ ሻጩ እውነቱን ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከባሕር ጠለል በላይ 1,870 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ሱፐርቻርጀር ይህን ያካክሳል የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ግን እሱም የሚያባዛው የተሰጠውን አየር ነው፣ ቀጭን አየር ከገባለት ያንኑ ቀጭን አየር ነው የሚጨምቀው። የነዳጅ መርጫው ኮምፒዩተር ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን አየር አይመልስም። ስለዚህ 300ው ወደ 240 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል።

ከዚያ ወደ ዙሩ እንምጣ። ፓምፑ የሚጠይቀው ጉልበት በዙሩ ሦስተኛ ደረጃ ልክ ያድጋል፤ ዙሩ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ነው። በዚህ ስሌት 80 በመቶ ጉልበት ያለው ሞተር የሚደርሰው ከሙሉው ዙር 93 በመቶ ገደማ ነው። የ8,000 93 በመቶ ደግሞ 7,440 ነው። የእናንተ 7,400 ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ቁጥሩ 6,800 ቢሆን ኖሮ መልሳችን ሌላ ነበር። በዚያው ስሌት 6,800 ማለት 185 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ ያን ያህሉን ከፍታ አይወስደውም። ያኔ የአየር ማጣሪያውን፣ ከሱፐርቻርጀሩ የሚወጡትን ቱቦዎች መጋጠሚያና ካንዴላዎቹን ማየት ያስፈልጋል። ቤንዚኑም ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሞተሮች በአውሮፓ አለካክ 95 ኦክታን ይፈልጋሉ፣ ካላገኙ ሞተሩ እንዳይንኳኳ የሚቆጣጠረው መሣሪያ ራሱ የማቀጣጠያውን ጊዜ ያዘገያል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከፍታ የሚያመጣው ጉድለት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ብልሽት ግን ዛሬ 7,300፣ ነገ 6,900 እያለ ይለዋወጣል። ልኬቱን አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ፣ ግማሽ ታንክ ይዞ፣ ሄዶ በመመለስ ይውሰዱትና በየጊዜው ይመዝግቡት። ዙሩ 8,000 ደርሶ ፍጥነቱ ከወደቀ ደግሞ ነገሩ ሞተሩ ጋ ሳይሆን ፓምፑ ጋ ነው።

መድኃኒቱ የምላጩ ማዕዘን ዝቅ ያለ ኢምፔለር ማስገጠም ነው። ዙሩን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ከቆመበት ሲነሣ ያለውን ድክመትም ያስወግዳል። ከፍተኛ ፍጥነት ብዙም አይጨምርም፤ እንግዶች በሚነዱበት ሐይቅ ላይ ይህ ጉዳት አይመስለንም። ሱፐርቻርጀሩን በመነካካት ጉልበት እናስመልስ የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው፤ ዋስትናውም ሞተሩም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ካልነዳሁ ብሎ ይዞኛል። ሞተር ሳይክል ይነዳል። ምን ላስጠንቅቀው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሞተር ሳይክል መንዳቱ ነው የሚያሠጋው። ሞተር ሳይክል ላይ ሲደነግጡ ነዳጅ ይለቃሉ። ጄት ስኪ ላይ ነዳጅ የለቀቀ ሰው መሪውን አብሮ አጥቷል፤ የሚያዞረው ከኋላ የሚወጣው የውኃ ግፊት ስለሆነ ግፊቱ ሲቆም መሪው ቢዞርም አካሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን የሌለው ጄት ስኪ ከሙሉ ፍጥነት ከ90 ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። ልጅዎ መጀመሪያ የሚለማመደው ይህን ነው፦ ባዶ ውኃ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፊት ለፊቱ እንቅፋት እንዳለ አስቦ ነዳጁን ሳይለቅ ዞሮ ማለፍ። እጁ እስኪለምደው ድረስ ይደጋግመው።

አምራቾቹ ከ16 ዓመት በታች ያለ ሰው እንዳይነዳ ይመክራሉ፤ እሱ አልፏል። ቢሆንም ሲዱ የተባለው የጄት ስኪ ዓይነት ፍጥነት የሚገድብ የተማሪ ቁልፍ አለው፣ ሌሎቹም ዝቅተኛ ዙር ላይ የሚቆልፍ አሠራር አላቸው። እሱን ያስገቡለት። የማጥፊያው ገመድ ከመንሳፈፊያ ሰደሪያው ጋር ይታሰር። ከታች ወፍራም የዋና ሱሪ ይልበስ፤ ወደ ኋላ የወደቀ ሰው ላይ የፓምፑ ውኃ የውስጥ አካል እስከመጉዳት ይደርሳል፣ ቁምጣ አያድነውም። ከተገለበጠም ከኋላ የተለጠፈው ምልክት ባሳየው አቅጣጫ ብቻ ይመልሰው። በተቃራኒው ከመለሰው በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ መልስ ግቢ ውስጥ ከሮቶ በመጣ ጎማ ላጥበው ብዬ ውኃውን ከፍቼ ትንሽ ቆይቼ ሞተሩን ላስነሣ ስል ቆልፎ ቀረ። አንዴ ብቻ ነው የሞከርኩት። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አንዴ ብቻ መሞከርዎ በጀ፤ ደግመው አይጫኑት። ሞተሩ ሳይዞር የገባው ውኃ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሮቹ ተመልሷል። ውኃ አይጨመቅም፤ በጉልበት ካስነሡት የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ነው። ካንዴላዎቹን በሙሉ ያስፈቱ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ይደፉ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስበው ይዘው ማስነሻውን ይጫኑ፤ ሲዱን ጨምሮ ብዙዎቹ እንዲህ ሲያዙ ነዳጅ አይረጩም። ውኃው ተተፍቶ ሲያልቅ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይርጩ፣ ካንዴላዎቹን አድርቀው ይግጠሙ፣ ያስነሡ። ይህ ሁሉ በዚያው ቀን መሆን አለበት፤ ካደረ ዝገት ይጀምራል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ከነማጣሪያው ይቀየር፣ ከአጭር ጊዜ ሥራ በኋላም አንዴ ይደገም።

ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ይነሣ፣ ወዲያው ውኃው ይከፈት፣ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ ውኃው ይዘጋ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሞተሩ ይጥፋ። የሮቶው ግፊት መብቃቱን በጄሪካን ይፈትኑት፤ ባለ 20 ሊትሩን በ2 ደቂቃ ከሞላ ይበቃል። ማጠቡን ግን አይተዉ። የቢሾፍቱ ሐይቆች በአብዛኛው እንደ ባሕር ጨዋማ ባይሆኑም የአሲድና የአልካሊ ልካቸው (ፒኤች) 9 አካባቢ፣ ማለትም አልካሊ ነው፤ የደረቀው ውኃ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ የፓምፑን አሉሚኒየምም ቀስ እያለ ይበላዋል።