ዱቤ አይረሳም፣ ኬሻው ይጠፋል

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። ከዓመታት በፊት በዱቤ ወስዶ የጠፋብኝን ሰውዬ እስከነካፖርቱ አስታውሰዋለሁ። ትናንት የጀንፈሉን ኬሻ የት እንዳስቀመጥኩ ግን ጠፋኝ። አእምሮዬ እየደከመ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሰውዬው አናዶሻል! ስሜት የነካውን ነገር አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አጥብቆ እንዲያዝ ያደርጋል። ኬሻውን ስታስቀምጪ ግን ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከርሽ ነበር መሰለኝ። ልብ ያላልሽው ነገር መጀመሪያውኑ በደንብ አልተመዘገበም፤ እሱን መርሳት ማለትም ይከብደኛል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን ፈትኖ እንዳሳየው፣ በቃል የተያዘ አዲስ ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ማታ ሱቅ ስትዘጊ ደብተሩን ሳትገልጪ የቀኑን ሽያጭ አስታውሺ፣ ከዚያ አመሳክሪ። እንቅልፍሽንም አታጓድዪ። የለመድሽው የሰፈር መንገድ ከጠፋሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።