ዴፑቲ ሸሪፍ ለመሆን ለምታስቡ ልጆቼ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በለቅሶ ቤት የሚያገኙኝ ወጣቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ሽጉጡና ስለ መኪናው ነው። እኔ በሰሜን ቨርጂንያ በሚገኝ አንድ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ዴፑቲ ሸሪፍ፣ ማለትም በሸሪፉ ሥር የሚሠራ የሕግ አስከባሪ፣ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከእጄ የማይለየው ግን ወረቀት ስለነበረ፣ የምጽፍላችሁም ስለ ወረቀቱ ነው።

በመጀመሪያ ሸሪፍንና ፖሊስን አታምታቱ። እንደ ፌርፋክስና አርሊንግተን ባሉ ካውንቲዎች ወንጀል የሚከታተለው ራሱን የቻለ የካውንቲ ፖሊስ ሲሆን፣ የሸሪፉ ቢሮ እስር ቤቱን ያስተዳድራል፣ ፍርድ ቤቱን ይጠብቃል፣ መጥሪያና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያደርሳል፤ ወደ ገጠሩ ስትወጡ ግን የጥበቃውም የምርመራውም ሥራ በአብዛኛው የሸሪፉ ነው። ሸሪፉን በየ4 ዓመቱ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ዴፑቲው የሚያገለግለው በሸሪፉ ፈቃድ በመሆኑ፣ አለቃ በተለወጠ ቁጥር እንጀራችሁ ሊነካ እንደሚችል ከወዲሁ እወቁት፤ እኔን ሲቀጥሩኝ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ስቀጠር የተጠየቅሁት የአሜሪካ ዜግነት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጣት አሻራ፣ የጤናና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ነበር፤ የአካዳሚው ሥልጠና ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልጆቻችን ሲወድቁ ያየሁት በሩጫው ሳይሆን የኋላ ታሪክ ሲጣራ ነው። የኖራችሁበትን አድራሻ፣ የሠራችሁበትን ቦታ፣ የተቀጣችሁትን የትራፊክ ቅጣት ሁሉ ጻፉ ትባላላችሁ፤ መርማሪውም ጎረቤታችሁን ሄዶ ይጠይቃል። ከፓርኪንግ ሥራ መባረራችሁ ብቻውን ላይጥላችሁ ይችላል፣ መደበቃችሁ ግን ይጥላችኋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በብሬዲ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔና እርሱን ተከትለው ከመጡት ውሳኔዎች የተነሣ፣ ምስክር ሆኖ የሚቀርብ ዴፑቲ ቀደም ሲል በሥራው መዋሸቱ ከታወቀ ዐቃቤ ሕጉ ይህንኑ ለተከሳሹ ወገን መግለጽ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ምስክር አድርጎ ይጠራዋል?

አዲስ ሳለሁ የቤት ኪራይ ክስ መጥሪያ ይዤ የአንዲት የአገራችንን እናት በር አንኳኳሁ። የተከሰሱት እናት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከውስጥ የቡና ጭስ እየተከተለው አንድ ጎልማሳ ብቅ አለ። «ዘመድ ነህ?» አልኩት። «ወንድሟ ነኝ» አለኝ። የቨርጂንያ ሕግ ባለጉዳዩ ቤቱ ካልተገኘ መጥሪያውን ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ የቤተሰብ አባል፣ ምንነቱን አስረድቶ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ለጊዜው ያረፈ እንግዳ ግን አይቆጠርም። በእኛ ቤት ወንድም እንግዳ ነው ብሎ ማን ያስባል? ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ምልክት አደረግሁበት፣ ሄድኩ። ሰውዬው ለሰርግ ከዳላስ የመጣ ነበርና መጥሪያውን በኮቱ ኪስ እንደያዘ በማግስቱ ተመለሰ። እኅቱ የቀጠሮውን ቀን ሳያውቁ ቀሩ፤ በሌሉበትም ተፈረደባቸው።

የማስለቀቂያው ትእዛዝ ከመፈጸሙ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ያደረስኩትም እኔ ነበርኩ። ይህን ጊዜ በሩን የከፈቱልኝ እርሳቸው ሲሆኑ፣ ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «የመጀመሪያውን ለማን ሰጠኸው ልጄ?» አሉኝ።

ወደ ፍርድ ቤት ተመልሰው አቤት ሲሉ ዳኛው እኔን አስጠሩኝ። ቅጹን እያሳዩ፣ ሰውዬው እዚያ ቤት ነዋሪ መሆኑን ጠይቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘመድነቱን እንጂ ነዋሪነቱን አልጠየቅሁም ብዬ መለስኩ። ፍርዱ ተነሣ፣ ሴትዮዋም አዲስ ቀጠሮ ተሰጣቸው። አለቃዬ የተግሣጽ ደብዳቤ ማኅደሬ ውስጥ አስገባ፤ ሥራዬ ላይ ግን ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ የሚናገር ሰው በር በከፈተልኝ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የሚያድሩት እዚሁ ነው?» የሚል ሆነ።