«ሥሩ ከወጣ ደሙ በየት ይመለሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ ጅማ መርካቶ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚነግዱት እናትህ እግራቸው ላይ ያበጠው ደም ሥር በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ተነግሯቸው፣ ደሙ በየት ይመለሳል ብለው እንደፈሩ ጽፈሃል። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ከ4 ዓመት በፊት እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነበር።

አብዛኛው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በጡንቻ መካከል በሚያልፉት ጥልቅ ደም መልሶች ነው። የሚወጣው ከቆዳ ሥር ያለው፣ ቫልቩ (ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ትንሽ በር) ስለላላ ደሙን ወደ ታች የሚለቀው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በዶፕለር አልትራሳውንድ (የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያሳይ ምርመራ) ጥልቆቹ ክፍት መሆናቸው ይረጋገጥ። ይህን ሳያደርጉ እሺ እንዳይሉ አደራ!

እኔን ብሽሽቴ ላይ ጥቂት ቀድደው ሥሩን አሰሩት፤ ከዚያ በውስጡ ቀጭን ሽቦ አሳልፈው ከጉልበቴ በታች በተከፈተች ሌላ ቀዳዳ ስበው አወጡት። ስነቃ እግሬ ከጣት እስከ ጭን በፋሻ ተጠቅልሏል። ያኔውኑ ማታ አስነሥተው አራመዱኝ። የጭኔ ውስጠኛው ክፍል ሦስት ሳምንት ያህል በልዞ ቆየ። ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ዛሬም ትንሽ ይደነዝዘኛል፤ ነርቩ ከደም ሥሩ ጋር ተጠግቶ ስለሚያልፍ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባታቸው አብጦ ቢያማቸው ወይም ትንፋሽ ቢያጥራቸው ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳታሳልፍ ወደ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ደግሞም ሌላ ሥር ሊያብጥ ይችላልና ከአሁኑ ሱቁ ውስጥ በርጩማ አስገባላቸው፤ ማታ ሲተኙም እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርግላቸው።