እርዳታ የምንሰጣቸውን ጎረቤቶቻችንን ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። በየወሩ ወደ 30 ለሚጠጉ ችግረኛ ቤተሰቦች ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮና ጥቂት ገንዘብ እንሰጣለን። ከተረጂዎቹ መካከል ሙስሊሞችና የሌላ እምነት ተከታዮች ስላሉ «የምእመናን አሥራት ለምን ለእነርሱ ይሰጣል?» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ለጋሾች እንዲያዩ በማለት ተረጂዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት እየተጠሩ እንዲቀበሉና ፎቶግራፍ እንዲነሡ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቀሩ። ደውዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ከእኔ የባሰ አለ፤ ለእርሱ ስጡልኝ» አሉኝ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የእኒያ እናት መልስ እንቅልፍ ነሥቶኛልና። «ከእኔ የባሰ አለ» ያሉት ጠግበው አይደለም፤ አፍረው ነው። «አሳፈራችሁኝ» ብለው እንዳይናገሩ ደግሞ ይሉኝታ ያዛቸው።

ኖኅ ወይን ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በሆነ ጊዜ ካም አየና በውጭ ላሉት ወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው የኋሊት ሄዱና የአባታቸውን ዕርቃን ሸፈኑ (ዘፍ. 9፥20-23)። መጽሐፍ «ሸፈኑት» ብሎ ብቻ ማለፍ ይችል ነበር፤ አካሄዳቸውን ሳይቀር ጻፈልን። ለማልበስ መቅረብ ነበረባቸው፣ ላለማየት ደግሞ ፊታቸውን መለሱ። ካም ሐሰት አልተናገረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። የእናንተም ፎቶግራፍ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን የሰው ገመና በእውነት ቢነገርም ያው መገለጥ ነው።

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። አኩፋዳ አንግቤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የለመንሁትን በልቼ ነው የተማርሁት። የሰጡኝን ሰዎች ሁሉ አላስታውስም፤ አንዲት እናት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም። ውሻቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቁራሹን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ይመጡና ራሳቸው አኩፋዳዬ ውስጥ ይከቱልኝ ነበር። ምን እንደ ሰጡኝ የማየው ከደጃቸው ርቄ ስቀመጥ ነው። በሌላ ደጅ ደግሞ «የማን ልጅ ነህ? አባትህ የለም? ታዲያ ለምን ትለምናለህ?» እየተባልሁ፣ ጓደኞቼ እየሰሙ እንጀራ ተቀብያለሁ። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፤ ጉሮሮዬ ላይ ግን ይቆም ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 18 በምንሰጠው ስጦታ ላይ የሚያሳዝን ቃል እንዳንጨምርበት ሲመክር ይህንን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ወንድሞችሽ «ለጋሾች ይዩ» ማለታቸው ከክፋት እንዳልሆነ እረዳለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። የላከው ግን ምስክሮችን ነው፤ የኢየሩሳሌምን ድሆች ለቆሮንቶስ ሰዎች አላሰለፈም። ለጋሹ ማየት ያለበት የገንዘቡን መንገድ ነው፦ ገቢው በደብሩ ሕጋዊ ደረሰኝ መግባቱን፣ ጤፉ በስንት እንደ ተገዛ፣ ለስንት ቤት እንደ ተከፋፈለ። ይህን ለሰበካ ጉባኤው በየወሩ በጽሑፍ አቅርቡ፤ የሚፈልግ ሁሉ ይመርምረው። ለተረጂዎቹ ቁጥር ስጧቸው፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ከካህኑ ጋር ሁለት አገልጋዮች ብቻ ይወቁ። የተነሡትን ፎቶግራፎችም አጥፉ፤ በስልክ የተላከላቸው ካሉ እንዲያጠፉ ለምኗቸው።

አሰጣጡም ይለወጥ። እናንተ ባላችሁበት ሰፈር ችግር በር ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። በድሮው ሰፈር ከጓዳ ጭስ ሳይወጣ ሲውል ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ይል ነበር። ከመሀል ከተማ ከፈረሱ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ዳር የመጡ አረጋውያን ዕድራቸውን፣ የቡና ጎረቤታቸውን፣ ዱቤ የሚሰጣቸውን ባለሱቅ ትተው ነው የመጡት። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩ እናት ደግሞ 10 ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ መውጣት ራሱ ፈተና ነው። እናንተ ውሰዱላቸው፣ ሲመሽ ውሰዱላቸው፣ እንደማንኛውም የገበያ ዕቃ በተራ ከረጢት ውሰዱላቸው። የቤት ኪራይ ለጨነቀው በግልጽ ከመስጠት ይልቅ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ለአከራዩ ምክንያቱን ሳትናገሩ መክፈል ይቻላል።

«ሰነፍ ይጠቀምበታል» የሚልም አይጠፋ ይሆናል። ሐዋርያው አይብላ ያለው ሊሠራ የማይወደውን ነው (2ኛ ተሰ. 3፥10)፤ የማይችለውን አላለም። ሠርቶ ማደር ለሚችለው ሥራ ፈልጉለት፤ በአንድ አታላይ ምክንያት 29 ቤት አታስርቡ።

የሌላ እምነት ተከታዮችን በተመለከተ፣ ስለ አሥራት የሚከራከሩት ኦሪት ዘዳግምን ያንብቡ። በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት በከተማው ደጅ ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉና እንዲጠግቡ ታዝዟል (ዘዳ. 14፥28-29)። መጻተኛ ማለት ከሌላ ወገን መጥቶ በመካከላቸው የተቀመጠ ሰው ነው። «ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች» የሚለው ቃል ይጠቀስ ይሆናል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ግን «ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ» ነው (ገላ. 6፥10)። «ይልቁንም» ይላል፣ «ብቻ» አይልም። በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት የተመለሰው ንጉሥ ዩልያኖስ እንኳ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ ብሎ በቁጭት መስክሯል። ጠላት የመሰከረልንን እኛ አንተው። ከአሥራቱ ምን ያህል ለዚህ ይዋል የሚለውን ግን አንድ ክፍል ብቻውን ሊወስን አይገባም፤ ከአለቃውና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተመካከሩበት።

እርዳታውን ከጉባኤ መምጣት ጋርም አታያይዙት። ለትንሣኤ ሥጋ ስታካፍሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ የክርስቲያን እርድ እንደማይበሉ አስታውሱ፤ የእነርሱን ድርሻ በገንዘብ ወይም ከነሕይወቱ ባለ ዶሮ ስጡ።

አሁን ወደ አራተኛ ፎቅ ውጪ። ሌላ አንዲት እኅት አስከትለሽ፣ ጤፍ ሳትይዢ ሂጂ። ስለ እሑዱ ነገር ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ «ኮሚቴው ነው» ብለሽ አታመካኚ። ቡና ላፍላ ካሉ «አይድከሙ» አትበያቸው፤ ይቁሉ፣ ይውቀጡ፣ ያፍሉ፤ በረካው እስኪወጣ ቁጭ በሉ። ስለ ጤፉ በዚያ ቀን አንድም ቃል አይነሣ። በሳምንቱ ሲመሽ ተመለሺ፤ ከረጢቱን ከበሩ ጀርባ አስቀምጪና ስለ ጤናቸው ጠይቂያቸው።