ሳይቸግራችሁ እድር ተመዝገቡ፤ ለአዲስ የድሬዳዋ ልጆች

ልጆች፣ ደህና ናችሁ?

እሠፈራችን ጫፍ ባለው አዲስ ሕንፃ ላይ ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች ቤት ተከራይተዋል። አንዱ ከጎጃም ነው፣ አንዷ ከወላይታ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። ጠዋት ባጃጅ ሲጠብቁ አያቸዋለሁ፤ ሦስቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው። ሰላም ስላቸው ደንገጥ ይሉና ይመልሳሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እሄዳለሁ» ብላችሁ ለመጣችሁ። እኔም በ1976 ዓ.ም. ነርስ ሆኜ ስመደብ እንደዚያ ብዬ ነበር። ይኸው ጡረታም ወጥቼ አልሄድኩም።

መጀመሪያ የት እንደመጣችሁ እወቁ። ድሬን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸገረ። ስለዚህ በፈረንጆች 1902 እዚህ ተራራው ሥር ደረሰና ጣቢያው ተተከለ። ኦሮሞውና ሶማሌው በሚኖርበት ምድር ላይ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ተጨመረ። የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱም መጣ። ፈረንሳዮቹ ከዚራ የሚባለውን ሠፈር በማስመሪያ አስምረው ሠሩት፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ጥላ። ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ማዶ ደግሞ የመጋላ ሠፈር እንደ ሰዉ ፈቃድ ተጠማዞ አደገ። አዲስ ሰው ከዚራ ላይ ተከራይቶ፣ ከዚራ ላይ በልቶ፣ ከዚራ ላይ ይቀራል። ተሻገሩ። ማለዳ ከፊራ ገበያ ሂዱ፣ ከደጋ የወረደውን አትክልት፣ የግመል ወተት ይዘው የተቀመጡትን ሶማሌ እናቶች እዩ። ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ ብሉ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ማንንም አትፈልጉ፤ ሙቀቱ ነው የሚገዛን፣ ከተማው ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሦስት ዓመት ስኖር እድር አልገባሁም። ጎረቤቶቼ ሁለቴ ጠይቀውኛል። «እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። ወርኃዊው መዋጮ ከሁለት ሻይ ዋጋ አይበልጥም ነበር። በሦስተኛው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሙቀቱን አልቻለችውም፤ ልቧም ደካማ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት አረፈች።

ነርስ ነኝ። ስንት ሬሳ ገንዣለሁ። የእናቴ ሲሆን ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማንን እንደምጠራ እንኳ አላውቅም። ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራው ሙስሊም ጎረቤቴ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላት። ለቅሶዬን ሰምታለች። አንድ ቃል ሳትናገር አቀፈችኝ፣ ከዚያ ወጣች። ፀሐይ ስትወጣ የአፎሻዋ ሴቶች ድስትና ጀበና ተሸክመው ግቢው ውስጥ ነበሩ። አፎሻ ማለት ሐረሮች ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው፤ በምሥራቁ ሀገር ሌላውም ተቀብሎታል። የእድሩ ሰዎችም ድንኳንና አግዳሚ አመጡ። አባል አልነበርኩም። ማንም አላነሣብኝም። ቀብሩ ሚካኤል ሆነ፤ የአዴ ባል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀን። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ እሳት አላነደድኩም።

በአርባው ማግስት ሄጄ ተመዘገብኩ። የሦስት ዓመቱን ውዝፍ ልክፈል ስል የእድሩ ዳኛ «ሲስተር፣ አንቺ እኮ ሂያጅ ነሽ» ብለው ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ እድር የሽማግሌ ነገር ነው አትበሉ። ሞት ብቻ አይደለም ሥራው። ማን ቤት ያከራያል፣ የትኛዋ አዋላጅ ሌሊት ስልክ ታነሣለች፣ የትኛው ባለ ሱቅ ለደሞዝተኛ ዱቤ ይሰጣል፣ ይሄ ሁሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ይወራል። ጎግል ላይ አታገኙትም። የቀበሌውም ነገር ሌላ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በስም እወቋት፤ ቤታችሁን ታውቅ። ደሞዝተኛ ካልሆናችሁ የማኅበረሰብ ጤና መድኑን ሳትታመሙ ጠይቁ። ታሞ የሚመዘገብ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ዘግይቶ ነው።

ቋንቋ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ በድሬ ያግባባል፣ እውነት ነው። ግን የታመመ ሰው በተማረው ቋንቋ አያቃስትም። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የገጠር እናት ሆዷን ይዛ መጣች። እኔ «የት ነው የሚያምሽ?» እላለሁ፣ እሷ ጣሪያውን ታያለች። አስተርጓሚ የሆነን የጽዳት ሠራተኛው ነው። ያን ቀን «ኤሳቱ ሲ ዱኩባ?» የምትለዋን የኦሮምኛ ጥያቄ ተማርኩ፤ የት ነው የሚያምሽ ማለት ናት። ቀስ ብዬ ሶማልኛውን ጨመርኩ። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። ይሳቁ! የሳቀ ሰው ሕመሙን ይነግራችኋል። ባንክም ብትሠሩ፣ ትምህርት ቤትም፣ በየቋንቋው አሥር አሥር ቃል ለመያዝ አንድ ወር ይበቃል። የሠፈሩ ልጆች በነፃ ያስተምሯችኋል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ሲያጣፍጡት ስሙ።

ደቻቱንም ተማሩት። አሁን ስታዩት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ግን ያ አሸዋ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃው የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። እኔ ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጎረቤት ጎረቤቱን በአንሶላ፣ በበር ሳንቃ ተሸክሞ እየሮጠ ይገባ ነበር። ማን ክርስቲያን ነው፣ ማን ኢሳ ነው፣ ማን ጉራጌ ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ዳርቻው ላይ ሲነግዱ የኖሩ ሴቶች ደመናው ደንገጎ ተራራ ላይ ሲጠቁር፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። እነሱ ሲነሡ እናንተም ተነሡ። በክረምት ዳርቻው ላይ ርካሽ ቤት አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ።

«ድሬ የፍቅር ከተማ» ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሹን እመኑ። ወጣት በወጣት ላይ ድንጋይ የወረወረበትን ቀንም አይቻለሁ፤ የተፈነከተ ራስ ሰፍቻለሁ። ያን ጊዜ የታዘብኩትን ልንገራችሁ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚኖሩበት መንገድ ቀድሞ ይቀጣጠላል። አዴና መሰሎቿ በር ላይ በርጩማ አውጥተው የተቀመጡበት መንገድ ግን ድንጋይ አልተወረወረበትም። ወርዋሪው በስሙ ይጠራ ነበራ።

በርጫ ላይም፣ ጫት እየቃሙ፣ ሰው መተዋወቅ ይቻላል፤ አልክድም። ግን ነርስ ነኝ፣ እሱን አልመክራችሁም። ቡና ጠጡ፣ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሀሸር ጠጡ።

የኛ እድር የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት ይሰበሰባል። ድሬ ያላችሁ የየሠፈራችሁን ጠይቁ። እነዚያ ሦስቱ ግን ይህ ከደረሳቸው ወደኛ ይምጡ። ጸሐፊያችን ዓይናቸው ደክሟል፣ የአንዱን መዋጮ በሌላው ስም ላይ እየጻፉ አጣልተውናል። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው እንፈልጋለን። ለመመዝገቢያው እኔ እዋሳችኋለሁ።